የተውሶ አርብ

«አውራ ጣትሽን ማሽኑ ላይ ታሳርፊያለሽ፣ እጅ ትጨብጫለሽ፣ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ። ሌላ ምን አለው?»

ዎፋ ኮቢና ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸዋል። የዚህ ግቢ ግድግዳ ግን የአንድ ብሎኬት ውፍረት ነው፤ ባንዱ ክፍል ያስነጠሰችውን በሦስተኛው ክፍል «ይማርሽ» ይሏታል። አራባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያበጠ ቀኝ ጉልበቷን በፋሻ እየጠቀለለች፣ አጎቷ ለታናሽ እህቷ የሚሰጡትን ምክር ቃል በቃል ሰማች። «ሜዳው የሚሰየመው በማን ስም ነው? በኤፉዋ ኢሲልፊ። ኤፉዋ ኢሲልፊ ማናት? አንቺ። ካርዱ ላይ ያለው ፊት ያንቺ፣ ጣቱም ያንቺ። ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?» ኤፉዋ የበቆሎ ሊጥ ጥቅልል የሚቀቀልበትን የኬንኬ ድስት ከፍታ ስትከድን ተሰማ። ዎፋ የእናታቸው ወንድም ናቸው፤ በሴኮንዲ ልጅ የእናቱ ወገን ነውና በዚህ ግቢ የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ የእሳቸው ነው። እሳቸው «ታዲያ» ብለው ከጠየቁ መልስ አይጠብቁም።

አራባ በንዴት ፋሻውን ከልክ በላይ ሳበችውና ጉልበቷ ጮኸባት። ይህ ጉልበት ሰባ አንድ ጊዜ ለአገሩ ተሰልፏል። ሦስት ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ፣ አንድ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ሄዷል። ሁለት ጊዜ ተቀዷል፤ አንዴ ከናይጄሪያ ጋር ሲጫወቱ፣ አንዴ ደግሞ አሰልጣኙ የሣር ሜዳ ነው ብሎ ባመጣቸው የጭቃ ጉድጓድ። ዛሬ ደግሞ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሌላ ጉልበት መድረክ ሲወጣ ሊያይ ነው፤ ኳስ ነክቶ የማያውቅ፣ ከኬንኬ ምድጃ በቀር የቆመበት የሌለ የእህቷ ጉልበት።

ማክሰኞ የተወለደች ሴት አራባ ናት፣ አርብ የተወለደች ኤፉዋ፤ ሌላ ስም ከወጣላትም ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን በከተማው የለም። ማክሰኞ ደግሞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው፤ አንድም ጀልባ ከወደብ አይወጣም። እናታቸው በሕይወት ሳለች «አንቺን የወለድኩ ቀን ወደቡ ጢም ብሎ ነበር፣ ባሕሩ ራሱ ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሎ ጠበቀሽ» ትላት ነበር። አራባ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ወንዶቹን ጭምር አላሳልፍ የምትል ተከላካይ ሆነች። ያኔ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች የሴቶች ቡድን ይመሠረት ነበርና አሰልጣኙ ኮች ኤሹን አንድ ምሽት ሁለት ጠርሙስ የሽናፕስ አረቄ ይዞ ዎፋ ዘንድ መጣ። ተጠጣ፣ ተመረቀ። ዎፋ የእናትየውን ሣጥን ከፍተው የአሥራ አራት ዓመቷን የኤፉዋን የልደት ወረቀት አወጡና ለአራባ እንዲሆን ሰጡት። «ያው ከአንድ ማኅፀን የወጡ ናቸው» አሉ። ዎፋ ኮቢና እንደ ስማቸው ራሳቸው የማክሰኞ ልጅ ናቸው፤ የራሳቸውን ቀን ማንም አልነካባቸውም።

ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልተገኘም። አንድ ጊዜ ፓስፖርት ላይ የሰፈረ ስም በሚቀጥለው ፓስፖርት ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያም በማልያ ጀርባ፣ ከዚያም በጋዜጣ። ሬዲዮው «ኤፉዋ ብረት» አላት፤ አገሩ ተቀብሎ ጮኸ። ከግቢው በር ውጭ ዘመድ ሁሉ ኤፉዋ ይላታል፣ ከበሩ ወዲህ ሲገቡ አራባ። እናታቸው ብቻ ሞኝ ሆና ቀረች፤ የውጭ አገር ሆቴል ደውላ «አራባን አገናኙኝ» እያለች «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ስትባል ኖራ ሞተች። በኋላ የብሔራዊ መታወቂያው ዘመቻ በጣት አሻራ መጣ። ኤፉዋ ቀድማ ተሰለፈች፣ በገዛ ስሟ፣ በመጨረሻ በተመለሰላት ወረቀቷ ተመዘገበች። አራባ በሳምንቱ ፓስፖርቷን ይዛ ብትሄድ ማሽኑ «ይቺ ሴት ተመዝግባለች» አለ። በመጨረሻ ዎፋና አንድ ጎረቤት ምለውላት በእውነተኛ ስሟ ካርድ ወጣላት። አራባ ኢሲልፊ፣ ሥራ፦ ዓሣ ነጋዴ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ሰባ አንዱ ጨዋታ ከእህቷ ጋር ቀረ።

ወደ ግቢው ስትወጣ ዎፋ ከማንጎው ዛፍ ሥር ጥርሳቸውን በመፋቂያ እያሹ ነበር። ነጭ ጨርቃቸውን በትከሻቸው ጥለዋል፤ ይህን ጨርቅ የሚለብሱት ሰው ሲቀበርና ሰው ሲሾም ነው። ኤፉዋ አዲስ የተሰፋ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ፣ በላዩ ሽርጥ አስራ ኬንኬ ትሸጣለች። ለበዓልም ቢሆን ምድጃ አይጠፋም። ደንበኞቹ አምስት ሲዲ የነበረው ዋጋ ሰባት መግባቱን እያጉረመረሙ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን ኬንኬ ይመርጣሉ፣ ይጨምቃሉ፣ መልሰው ያስቀምጣሉ። እህቷ ቀና ሳትል አንድ ኬንኬ ፈትታ፣ የተጠበሰ ዓሣና ሚጥሚጣ ጨምራ ሳህኑን ወደ አራባ ገፋችላት። አራባም ሳህኑን ተቀበለች፣ አላመሰገነችም። በልጅነታቸው ተደባድበው ከመታረቃቸው በፊት እንዲህ ያደርጉ ነበር።

«ሰምቻችኋለሁ» አለች አራባ ቆማ እየጎረሰች።

«ብትሰሚ ምን አለ? የምደብቅሽ ነገር የለም» አሉ ዎፋ። መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ። «ኮሚቴው ያለ ጣት አሻራ ለማንም አልሰጥም ብሏል። ከሜዳው ጋር ሹመት አለ፤ የሴት ልጆቹ ዋና አሰልጣኝ፣ ዕድሜ ልክ። ታዲያ እንተወው? እሷ ትፈርማለች፣ አንቺ ታሰለጥኛለሽ። አንድ ግቢ፣ አንድ ድስት።»

«እኔ የት ልቀመጥ ታዲያ?»

«ከቤተሰብ ጋር። ከፊት ይዤልሻለሁ።»

«ዎፋ፣ ከሰው ፊት ሄጄ ብናገርስ?»

ዎፋ በእርጋታ ተፉ። ይህን ጥያቄ ለሃያ ሁለት ዓመት ሲጠብቁት እንደኖሩ ያስታውቃል። «ተናገሪ። ከታዳጊዎቹ ቡድን ጋር ያመጣሽውን የነሐስ ሜዳሊያ ከአንቺ ብቻ ሳይሆን ከሃያዎቹም ጓደኞችሽ ይነጥቁታል። ሁለቱ ሞተዋል፤ ከመቃብራቸው ላይ ይለቅሙታል። አንቺም አጭበርባሪ ተብለሽ አንድ ሕፃን እንዳታሰለጥኚ ትታገጃለሽ። ስም ከመቃብር በላይ ነው ልጄ፤ የትኛውም ስም ይሁን፣ ከመቃብር በላይ ይዋል እንጂ።» አራባ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሰውየው ትክክል ስለሆኑ ነው የበለጠ ያናደዷት።

የግቢው በር ተንኳኳና አጆዋ ገባች። አጆዋ የሰኞ ልጅ ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። አራባ በየማለዳው ከዓሣ ገበያ በፊት ያለ ደመወዝ ከምታሰለጥናቸው ልጆች አንደኛዋ፣ እግሯ እንደ እሷ እግር የሚከላከል፣ አንገቷ እንደ እሷ አንገት ቴስታ የሚመታ። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ በአራባ እጅ አድጋለች። የኳሶቹን መረብ ልትወስድ ነው የመጣችው፤ ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ልጆቹ ጨዋታ ያሳያሉ። መረቡን ትከሻዋ ላይ ከጣለች በኋላም ግን አልሄደችም። አራባ ታኬታዋን በጨርቅ ትወለውል ነበር፤ ለምን እንደምትወለውለው እሷም አታውቅም።

«አንቲ፣ ያን ጊዜ ግን አልፈራሽም?»

«የቱን ጊዜ?»

«ባለ መነጽሩ ሰውዬ ሲጠይቅሽ።»

ይህን ታሪክ ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ከልምምድ በኋላ ውሃ እየጠጡ አስር ጊዜ አስተርከዋታል። አራባ ስታወራው ታስቃለች። ለመጀመሪያው ጉዞ ዋና ከተማ ሆቴል ሰብስበዋቸው፣ አንድ ባለ መነጽር ባለሥልጣን ልጆቹን አንድ በአንድ እያስገባ «በምን ቀን ተወለድሽ?» ይል ነበር። ወረቀት ይዋሻል፣ አፍ ግን በቀን አይዋሽም ብሎ ነው። ሁለት ልጆች ተርበትብተው የእውነት ቀናቸውን ተናግረው በዚያው ምሽት አውቶቡስ ተሳፈሩ። አራባ ሦስት ሌሊት መስታወት ፊት ቆማ «አርብ፣ አርብ፣ አርብ» ስትል አድራ ነበርና አለፈች። በዚህ ጊዜ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ከሁሉ አብልጣ የምትስቀው አጆዋ ናት። ዛሬ ግን አልሳቀችም።

«ፈርቼማ ነበር» አለች አራባ ዓይኗን ከታኬታው ሳትነቅል፤ ልቧ ከዎፋ ጋር ገና እየተከራከረ ነው። «ልብሽን ተይው፣ ይምታ፣ እሱን ማንም አያይም። ዓይን ዓይኑን እያየሽ ቶሎ መመለስ ነው። የሚያስብ ሰው ይያዛል።»

አጆዋ ከንፈሯን በዝምታ አነቃነቀች። ከዚያ «አመሰግናለሁ አንቲ» አለች፤ እንዲህ ያለ ወግ ያለው ምስጋና ልማዷ አልነበረም። መረቡን ይዛ በሩጫ ወጣች።

ዎፋ በሰው መኪና ቀድመው ሄዱ። እህትማማቾቹ ሜዳው ድረስ ታክሲ ያዙ። ኋላ ወንበር ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀመጡ፤ አረንጓዴው ቀሚስ ገና የስፌት ቤት ሽታ አለው። ወደቡን አልፈው፣ ከጥንት የነጮች መደብሮች ፍርስራሽ ሥር የተደረደሩትን የሬሳ ሣጥን ሠሪዎች አልፈው ወጡ። ቅዳሜ የቀብር ቀን ስለሆነ በየመንገዱ ጥቁርና ቀይ የለበሰ ለቀስተኛ ፈሷል። ሾፌሩ በመስታወቱ አራባን እያየ ፈገግ ይላል። አራባ በመስኮት እያየች አንድ ነገር ለማለት ቃል ስትመርጥ እህቷ ቀደመቻት።

«ነርስነት ትምህርት ቤት የተጠራሁበትን ዓመት ታስታውሻለሽ?»

አራባ አላስታወሰችም።

«የልደት ወረቀትሽን ይዘሽ ቅረቢ አሉኝ። አሥር ቀን ሰጡኝ። ወረቀቱ ዋና ከተማ፣ ኳስ ፌዴሬሽኑ ዘንድ፣ ያንቺ ማኅደር ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ዎፋ ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ ኃላፊው መስክ ነው አሏቸው። አንቺ ያን ሳምንት ደቡብ አፍሪካ ነበርሽ። ጎል ያገባሽበት።» ኤፉዋ ይህን ስትናገር ከፊቷ ያለውን ወንበር ነው የምታየው። «አሥረኛው ቀን ማታ በሬዲዮ ስሜን እየጠሩ ሲጮኹ የበቆሎ ሊጥ አቦካ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ስሜን ይዘፍናል። እኔም አብሬ ዘፈንኩ።»

«አልነገርሽኝም።»

«ምን ብዬ? አንቺ ስሜን ለብሰሽ ዓለምን ዞርሽ። እኔ ሌላ የምለብሰው አልነበረኝም። ዛሬም ታኮራዲ ገበያ ስሜን ስናገር 'እንደ ኳስ ተጫዋቿ?' ይሉኛል። አዎ እላለሁ፤ እንደ እሷ።»

አራባ የምትናደድበትን ሰው በዓይነ ሕሊናዋ ፈለገች። ከጠዋት ጀምሮ እህቷን በልቧ ስትነክስ ቆይታ ነበር፤ አሁን ጥርሷ ባዶ ቀረ። ይቅርታ ማለት ነበረባት፤ ግን ይቅርታው ከሁለቱ ለየትኛቸው እንደሚገባ አላወቀችም፣ ለራሷም ማንም ይቅርታ ብሏት አያውቅም። ታክሲው ሜዳው በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ ዞሮ «ከኤፉዋ ብረት ገንዘብ አልቀበልም፣ ሞቼ ነው!» አላት አራባን እያየ። ኤፉዋ ቦርሳዋን ከፍታ አሥር ሲዲ አወጣችና ወንበሩ ላይ አስቀምጣለት ወረደች።

ሜዳው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ያው የድሮ አሸዋ ነው፤ አሁን ግን ዙሪያውን አጥር ወጥቶለታል። ግንቡ ላይ የሰፈሩ ሠዓሊ ቁመቷ ሁለት ሰው የሚያህል ሴት ስሏል፤ ክንዷን አጣምራ የቆመች፣ በግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት። ጠባሳው ከአራባ ቅንድብ ላይ አለ፤ ካሜሩኖች በክርን የሰጧት ነው። ከሥዕሉ ሥር በቢጫ ቀለም የኤፉዋ ኢሲልፊ የሴቶች ሜዳ ተብሎ ተጽፏል። ሠዓሊው በኩራት አጠገቡ ቆሟል። አራባን ሲያያት ፈገግ አለ፣ ኤፉዋን ሲያያት ደግሞ ፊቱን የሚያስገባበት ጠፍቶት ብሩሹን መጥረግ ያዘ። ድንኳኑና ወንበሩ ከለቅሶ ቤት የተከራየ ነው፤ ከአንዳንዱ ወንበር ጀርባ ጥቁርና ቀይ ጨርቅ ገና አልተፈታም። ሕዝቡ ግማሹ ከቀብር በቀጥታ የመጣ ነበርና እግረ መንገዱን ሳምቡሳ ይበላል።

ኮች ኤሹን ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ፊሽካው ግን አሁንም አንገቱ ላይ አለ። አራባን ከሩቅ አይቶ እጁን ዘረጋ። «ኤፉዋ ብረት! ያንቺ ቀን ነው እኮ» አላት። ከዚያ ወደ እህቷ ዞሮ ኮፍያውን ከፍ አደረገ፤ «ክብርት ኤፉዋ፣ በዚህ በኩል።» አንድም ጊዜ አልተደነቃቀፈም። አራባ ከፊተኛው ረድፍ፣ ከዎፋ ሁለት ወንበር ራቅ ብላ ተቀመጠች። ጸሎት ተደረገ፣ ለቀደምት ሙታን ሽናፕስ መሬት ላይ ፈሰሰ፣ ከዋና ከተማ የመጣው ባለ ከረባት እንግዳ ስለ ሴት ልጅ ብርታት አርባ ደቂቃ ተናገረ። ሲናገር አንዴም ወደ ሜዳው አልተመለከተም።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። አንድ ወጣት የጣት አሻራ ማንበቢያውን በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ኤፉዋ ተጠራች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ የኬንኬ ድስት እንደተሸከመ ሰው ቀጥ ብላ ወጣች። አውራ ጣቷን አሳረፈች። ማሽኑ ጥት አለ፣ አረንጓዴ በራ፣ ወጣቱ «ኤፉዋ ኢሲልፊ፣ ተረጋግጧል» አለ በድምፅ ማጉያው። ሕዝቡ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ጭብጨባ አራባ በሰባ አንዱ ጨዋታ አልሰማችም፤ አምስት መቶ ሰው እጁን ወደ መድረክ እያማታ ዓይኑን ግን እሷ ላይ ተክሏል። የማያውቅ አልነበረም በመካከላቸው። ዓሣ የሚገዟት ሴቶች፣ ልጆቻቸውን የምታሰለጥንላቸው፣ ጉልበቷን ያሿት፣ ሁሉም ያውቃሉ፣ ሁሉም ያጨበጭባሉ። ሁሉም አዘኑላት፤ ያቃጠላትም ይኸው ሐዘናቸው ነው። ባለ ከረባቱ የሹመቱን ደብዳቤ በሪባን እንደታሰረ ለኤፉዋ ሰጣት። ኤፉዋ አውራ ጣቷን በአዲሱ ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

አራባ ይህን ውጣ መቀመጥ ትችል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የዋጠ አንጀት የአንድ ሰዓት ነገር አይከብደውም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ነገ ጠዋት ልጆቹ ይመጣሉ፣ ሜዳው አለ፣ ኳሱ አለ እያለች ራሷን ታባብል ነበር። ያኔ ኮች ኤሹን ማይክሮፎኑን ይዞ፣ የዛሬው በዓል ያለ ስጦታ አይሆንም አለ። ለአዲሱ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን ከዚህ ሜዳ አንዲት ልጅ ተመርጣለች፤ ወረቀቷ ተጣርቷል፣ ሰኞ ትጓዛለች። ከኪሱ ቁራጭ ወረቀት አወጣ።

«ኤሲ አኬን።»

ኤሲ የእሁድ ልጅ ስም ነው። አራባ ኤሲ አኬንን ታውቃታለች፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ የአጆዋ የአክስት ልጅ፣ አስም ያለባትና ኳስ የማትወድ። ከልጆቹ ሰልፍ መካከል አንዲት ልጅ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች። አጆዋ ነበረች። ስሙ ሲጠራ ዘወር አላለችም፣ አልዘገየችም፣ የገዛ ስሟ እንደሆነ ሁሉ ወጣች። ኮች ኤሹን እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ያን እጅ አራባ ታውቀዋለች። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሽናፕስ እየሸተተ የእሷ ትከሻ ላይ አርፎ ነበር።

እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። ጉልበቷ ሲጮህ አልሰማችውም። ከአጥቂ እግር ሥር ኳስ እንደምትነጥቀው ማይክሮፎኑን ከኮች እጅ ነጠቀችው።

«አራባ ኢሲልፊ እባላለሁ» አለች። ድምፅ ማጉያው ጮኸና ተስተካከለ። «የተወለድኩት ማክሰኞ ነው።»

ሌላ ምንም አላለችም፤ እዚህ አገር ሌላ ማለት አያስፈልግም። ሳምቡሳ የሚያኝኩት ማኘካቸውን አቆሙ። የሚያውቁትን ነገር ነው የሰሙት፤ በድምፅ ማጉያ ግን ሰምተውት አያውቁም ነበር። ከኋላ አንዲት አሮጊት «እህህ» አለች፣ ሌላዋ ዝም አሰኘቻት። አራባ ጠበቀች። ሜዳሊያውን ይንጠቋት፣ ሥዕሉን ያጥፉት፣ ይጩሁባት፤ የፈለገ ነገር ይሁን፣ ብቻ አንድ ነገር ይሁን። ባለ ከረባቱ ወደ ዎፋ ጎንበስ አለ።

«ይቺ ማናት?»

«የኤፉዋ እህት ናት» አሉ ዎፋ ኮቢና፣ ጨርቃቸውን እያስተካከሉ። «ዓሣ ነጋዴ ናት። ፀሐዩ ይሆናል።»

እንግዳው ፊቱ በራ። «እህት በእህቷ ስትደሰት እንዲህ ናት!» ብሎ አጨበጨበ፤ ከፊት ያሉት ተከተሉት። ሃያ ሁለት ዓመት የፈራችው ቃል ወጥቶ አንድ ሰው እንኳ ሳይጎዳ ሜዳው ላይ ወደቀ። ኮች ኤሹን ማይክሮፎኑን ለመቀበል እጁን ዘረጋ፤ ፈገግታው አልተነካም። ያኔ ነው የአራባ ንዴት እስከ ጣቷ ጫፍ የሄደው። ለእሷ አልፏል፤ ይሁን። ይቺን ግን አይወስዷትም። ከኮች ዘወር ብላ ልጅቷ ፊት ቆመች። ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ያየችው ፊት ነው፤ ሲዋሽ የግራ ጉንጩ እንደሚንቀጠቀጥ ታውቃለች። አጆዋ «ሰኞ» ብትል ይበቃል። አንድ ቃል ነው። ከዋና ከተማ የመጣው ሰውዬ የዓሣ ነጋዴዋን ቃል እንደ ፀሐይ ምች ቢቆጥረውም፣ የተመረጠችውን ልጅ አፍ አልሰማሁም ሊል አይችልም።

«ልጄ፣ አትፍሪ» አለቻት። «በምን ቀን ተወለድሽ?»

ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋችላት። ሕዝቡ ትንፋሹን ያዘ። መድረኩ ላይ ኤፉዋ ደብዳቤውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ከወንበሯ ተነሳች።

አጆዋ ወደ ኮች አልተመለከተችም፣ ወደ ሰማይ አልተመለከተችም፣ አላሰበችም። ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«እሁድ» አለች ቶሎ።

ጭብጨባው ከድንኳኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ፈነዳ፤ ሕዝቡ እፎይ አለ። ኤፉዋ ብቻ አላጨበጨበችም። አራባ የልጅቷን ግራ ጉንጭ አየች። አልተንቀጠቀጠም። አንገቷ ላይ ያለው የደም ሥር ግን በኃይል ይመታ ነበር፤ ቀርቦ ካልሆነ ማንም የማያየው። እንዲህ አድርጋ ያስተማረቻት እሷው ናት፤ ዛሬ ጠዋት፣ ታኬታ እየወለወለች።